ሰሌዳው ላይ የተተወው ቦታ

እማዬ፣

አፈሩን ገለባ ያድርግልሽ። ከተለየሽን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለሽም፤ ዝም እንዳልል ደግሞ የምነግርሽ አለ። በሕይወት ሳለሽ አንድም ሰው አፉን ከፍቶ እንዲነግርሽ ያልፈቀድሽውን ነው የምነግርሽ። ይህን ጊዜ ጃኬትሽን አንሥተሽ ልታመልጪኝ አትችዪም። ስለዚህ እስክጨርስ ስሚኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ላውራሽ። ክፍልሽን ልጄ ሩት ወረሰችው። ግድግዳውን አረንጓዴ ቀባችውና፣ ብታዪው "ሆስፒታል ነው እንዴ የምታድሪው?" ትያት ነበር። አልጋሽን ከአገር ቤት አዲስ ለመጡ ሰዎች ሰጠነው። ኤርፖርት ስትሠሪ የምትለብሺው ጃኬትሽ ግን በር ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ አጥፌ ላስቀምጠው አወርደዋለሁ፣ ተመልሼ እሰቅለዋለሁ። ጋሽ ተስፋይ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የነበረችውን ሱቃቸውን ሸጡ። ኩላሊታቸው ከዳቸው፤ ቀን እየለዩ ደም የሚያጥበው ማሽን ላይ ይውላሉ። "የምጽዋ ሰው ብረት ነው" ትያቸው የነበሩት ሰው፣ አሁን ደረጃ የሚወጡት ተደግፈው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከቀብር ቢሮው ነው። ወረቀትሽን የሚሞላው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማሪድ ነበሩ ወይስ ዊዶውድ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቤት ስንከራይ፣ ታክስ ስናሠራ፣ ሐኪም ቤት ስትገቢ፣ ሁልጊዜ "ማሪድ" ነበር የምትዪው። እኔም "ማሪድ" አልኩ። የባለቤታቸው አድራሻስ የት ነው አለኝ። ምን ልበለው? ልጅ ሳለሁ ምጽዋ የቀረ፣ ሬሳውም ወሬውም ያልመጣ አባት አለኝ ልበለው? "ኔቪ ነው" አልኩት፣ ባሕር ኃይል ነው ማለቴ ነው። ሰውዬው ብዕሩን አስቀምጦ "ፕሊስ፣ ቴንክ ሂም ፎር ሂስ ሰርቪስ" አለኝ፤ ስላገለገሉ አመስግኚልኝ ማለቱ ነው። እማዬ፣ ሬሳሽ ሳይቀበር ሳቅ አመለጠኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እናቴ ባለባል ሆና ትቀበር ወይስ መበለት ሆና፣ እኔ አንድ ልጇ አላውቅም ነበር።

ከዐርባሽ በኋላ አባዬን መፈለግ ጀመርኩ። አላሜዳ ወደብ የቆመችው አሮጌ የጦር መርከብ ላይ ሩትን ይዣት ሄጄ ነበር። የሞቱባት ባሕርተኞች ስም ከነቀኑ ተጽፎ ተሰቅሏል። አንዲት አሮጊት ጣቷን አንድ ስም ላይ አድርጋ ቆማ አየሁና ቀናሁባት። በሰው ሐዘን እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔቱን ሳገላብጥ ከረምኩ። ያሸነፉት የራሳቸውን ሰማዕታት ጽፈዋል፤ ደግ አደረጉ። የእኛዎቹን ግን ማን ይጻፍ? ያዘመታቸው መንግሥት ወደቀ፣ ባሕር ኃይሉ ተበተነ፣ ባሕሩም የሌላ አገር ሆነ። አዲስ አበባ ደብዳቤ ላክሁ፤ የመለሰልኝ የለም። የተሸነፈ ሰው ሲሞት ባለቤት የለውም ለካ።

በመጨረሻ አንዲት የማውቃት ሴት፣ የቀድሞ ባሕርተኞች ሳን ሆዜ በሚሰበሰቡበት አዳራሽ የወደቁ ጓዶቻቸውን ስም ነሐስ ላይ አስቀርጸው ሰቅለዋል አለችኝ። አስቢው፣ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ! በየበዓሉ ገበታችን ላይ የሚቀመጡት ጋሽ ተስፋይ እንዴት አልነገሩንም ብዬ ተናደድኩ። እሳቸው ኤርትራዊ ቢሆኑም ከአባዬ ጋር በአንድ መርከብ ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ያንን አውቅ ነበር። ሌላውን አላውቅም ነበር።

አዳራሹን የከፈቱልኝ ጋሽ ሁሴን የሚባሉ የደሴ ሰው ናቸው። ያኔ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ፣ አሁን ሹፌር ናቸው። ስሞቹ በየመርከቡ ተከፍለዋል። የአባዬን መርከብ ስም ፎቶው ጀርባ ተጽፎ ስለማውቀው ቶሎ አገኘኋት። እንደዚያች አሮጊት ጣቴን አስቀድሜ ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ዳኜ ወልደየስ የሚል የለም። ግን ሁለት ስሞች መካከል የአንድ ስም ስፋት ያለው ባዶ ቦታ አለ። ሌላው ሁሉ ተጠጋግቶ የተጻፈ ነው። ቀራጩ ተሳስቶ ይሆን ብዬ ጋሽ ሁሴንን ጠየቅኋቸው። ቀጥ ብለው የተደረደሩትን ወንበሮች እንደገና ማስተካከል ጀመሩ። "ተስፋይን ጠይቂ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። አልለቅም ስላቸው ጊዜ፣ ቤተሰቡ ያልተረዳ ሰው ስም እንደማይጽፉ ነገሩኝ። "ሰው መርዶውን ከግድግዳ ላይ አያነብም። ነውር ነው። ቦታውን ግን እናቆይለታለን" አሉኝ።

ገባኝ። ገባኝ ማለት ግን ተነገረኝ ማለት አይደለም፤ ይህን ካንቺ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ያንን መንገድ እንዴት ነድቼ ኦክላንድ እንደገባሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ያንን ጠዋት ብቻ ነው።

ሃይስኩል ነበርኩ። ገና ጎሕ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተስፋይና ሁለት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። በበሩ ቀዳዳ አጮልቀሽ አየሻቸው። ከፈትሽ። "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እኔ እንኳ ባሱ ሊያመልጠኝ ነው፣ ልጅቱ ሻይ ታፍላላችሁ" ብለሽ፣ በነጠላ ጫማሽ እንደሆንሽ የኤርፖርት ጃኬትሽን ደርበሽ፣ መካከላቸውን ሰንጥቀሽ ወጣሽ። ጋሽ ተስፋይ "እት ሙሉ፣ አንድ ጊዜ ስሚን" እያሉ እስከ ደረጃው ተከተሉሽ። ዞር አላልሽም። እኔም ሻይ አፈላሁላቸው። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሊለምኑ የመጡ መስሎኝ ነበር። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ ስኳሩን እያማሰሉ፣ እኔን ቀና ብለው ሳያዩ ጠጥተው ሄዱ። እናቷ በሌለችበት ልጅቷን ምን ብለው ይንገሯት? ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን የሥራ ፕሮግራምሽን ያየሁት እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። ያን ቀን ኦፍሽ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። መርዶ የሸሸን ሰው አሳዶ የሚነግር የለም። ጋሽ ተስፋይ ፋሲካና ገና እየመጡ፣ ካንቺ ጋር እየተቀላለዱ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ኖሩ። አንቺም ስታበሊያቸው ዓይናቸውን አታዪም ነበር። አሁን ነው ሁሉም የሚታየኝ። አለቃሽ ወደ ቢሮ ሥራ ላዛውርሽ ሲልሽ እምቢ ብለሽ፣ ሽማግሌ በዊልቸር እየገፋሽ መግቢያው በር ላይ የቀረሽው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ከአውሮፕላን የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን የምታዪው ለምን እንደሆነ ገባኝ። እግርሽ አብጦ እየመጣሽ እኔ ሳሽልሽ፣ ለገንዘብ ትስገበገባለች ብዬ ነበር የማስበው።

ተቀይሜሻለሁ፣ እማዬ። ልንገርሽ፣ ሆዴ ውስጥ ከማስቀረው። አንቺ ዐውቀሽ ጠበቅሽ፣ እኔ ሳላውቅ ጠበቅሁ። በሠርጌ ቀን በሩን በሩን አይ ነበር። ሩትን ስወልድ፣ ሲመጣ ያያታል ብዬ ፎቶዋን ለይቼ አስቀምጫለሁ። ለአባቴ አንድ ቀን እንኳ ደረቴን መትቼ አላለቀስኩም። ይህን ነው ያስቀረሽብኝ፤ ሌላው ሁሉ ይቅር።

ጋሽ ተስፋይን ማሽን ላይ ተኝተው አገኘኋቸውና ይንገሩኝ አልኳቸው። "እዚህ፣ በገመድ ተይዤ? ቤት እንመጣለን" አሉኝ። መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ መርዶ በቀጠሮ አይሆንም። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ ሌላ ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። ሆስፒታል ሳለሽ፣ በመጨረሻው ሳምንት፣ እጄን ጭምቅ አድርገሽ "በሩን ለማንም እንዳትከፍቺ" ብለሽኝ ነበር። ትኩሳቱ ይሁን አንቺ ትሁኚ አላወቅሁም። በሩን ብከፍት ቃልሽን ጣልኩ። ባልከፍት ደግሞ ጋሽ ተስፋይ ዛሬ ነገ የሚሉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ከሄዱ የአባዬን መጨረሻ በዓይኑ ያየ አይኖርም፣ ያቺ ቦታም ለዘላለም ባዶዋን ትቀራለች።

ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሳይነጋ መጡ። እንደ አንቺ በቀዳዳው አየሁ። ጋሽ ተስፋይ ጋሽ ሁሴንን ተደግፈዋል፣ ኮፍያቸው በእጃቸው ነው። ከኋላቸው የእድርሽ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ጃኬትሽ ትከሻዬን ይነካኛል። እጄ ወደ እሱ ሄደ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ከፈትኩ።

ጋሽ ተስፋይ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። ቆመው ነው የነገሩኝ። መርከቧ ወደቡ ላይ ሳለች ተመታች። እሳቸው የመርከቧ የላይኛው ወለል ላይ ነበሩ፣ ፍንዳታው ባሕር ውስጥ ወረወራቸው። አባዬ ታች፣ ሞተሩ ጋ ነበር። መውጫው በእሳት ተዘጋ። ጋሽ ተስፋይ ዋኝተው ተመልሰው፣ የመርከቧን ብረት በቡጢ እየመቱ "ዳኜ!" እያሉ ተጣሩ። ከውስጥ መልሶ መታላቸው። ጥቂት ጊዜ መታ፣ ከዚያ ተወ። "ከዚያ ወዲያ በር ማንኳኳት አልወድም፣ ልጄ። ያንቺን ቤት ግን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ" ብለው ግድግዳውን ይዘው አለቀሱ።

እኔ ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አላውቅም። ሴቶቹ ይዘውኛል። ከላይ ያለችው ጎረቤት በሌሊት ልብሷ ወርዳ ፖሊስ ልጥራ ወይ ብላለች አሉ። ሩት ከአረንጓዴው ክፍል ወጥታ "ሶ ኤቭሪባዲ ኒው ባት አስ?" አለችኝ፤ ከእኛ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር ወይ ማለቷ ነው። አያትሽም ታውቅ ነበር አልኳት። ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ አማርኛ አውጥታ የማታውቀው ልጅ "አያቴን" እያለች አለቀሰች። ማናችሁን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ላንቺ የለበስኩትን ከል በሙት ዓመትሽ ላወልቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አላወለቅኩም። አንዱ ከል ለሁለታችሁም ሆነ። ሰሌዳው ላይ ስሙ የተጻፈ ዕለት ጋሽ ተስፋይ ዓይናቸው ስለደከመ ፊደሉን በጣታቸው ዳሰሱት። ጋሽ ሁሴን አፈር ያልቀመሰ ሰው መቃብሩ ይኸው ነው ብለው ዱዓ አደረጉ፣ እኛም አማተብን። ቦታዋ ልክ ሆነችለት፤ አልጠበበችም፣ አልሰፋችም።

አሁን የቀረኝ የመቃብርሽ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ጠራቢው የሚጻፈውን እየጠበቀ ነው። የቀብር ቢሮውም ወረቀቱን ማስተካከል ይቻላል ብሎኛል። አላስተካክልም። ድንጋዩ ላይ "የባሕርተኛው ዳኜ ወልደየስ ባለቤት" ተብሎ ይጻፋል፤ መበለት የሚል ቃል አይኖርበትም። በየዓመቱ መጀመሪያ አንቺ ጋ፣ ከዚያ ሳን ሆዜ እሄዳለሁ፤ እኔ ሲያቅተኝ ሩት ትሄዳለች፣ ቃል አስገብቻታለሁ። ቃልሽን ጥሼ በሩን ከፍቻለሁ፤ መርዶው ግን የደረሰው እኔ ጋ ነው። አንቺ አልሰማሽም። ደረጃውን እየወረድሽ ነበር።

ልጅሽ ትዕግሥት