መሄጃውና መመለሻው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነኝ ይላል፤ ያለውን እንዳለ ጻፍኩልህ።

የምጽፍልህ ስለ ሶላሩ ነው። ባትሪው አሁንም አይሞላም። ፀሐይ ጣሪያውን ስትጠብሰው ትውላለች፤ አምፖሉ ግን ገና ራት ሳንበላ ያንቀላፋል።

ርቀቱን ለክተህ፣ "ከጓሮው ጣሪያ እስከ ስፌት ክፍሉ ሩቅ ነው፤ ሽቦው ወፍራም ካልሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል" ብለህ ነበር። አባትህ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነውና ቀጭኑን መረጠ። "ወፍራም ክር ስፌት ያበላሻል። ያንተ ገመድ የበሬ ማሰሪያ ነው" አለህ። አንተም፣ "አባዬ፣ ይሄማ ቀጭን ትእዛዝ ነው፤ ሽቦውም እንደ ትእዛዙ ይቅጠንልህ" ብለህ፣ ያመጣኸውን ወፍራም ጥቅል ተሸክመህ ወጣህ። ቀጭኑን አባትህ ራሱ ዘረጋው። እኔ ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነው። በዚያው ትቀራለህ ብዬ አላሰብኩም። ምነው እስከ በሩ እንኳ በተከተልኩህ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ኤሌክትሪሻኑ ገብቶ አየው። "ማዘር፣ ይሄ ለበር ደወል የሚሆን ሽቦ ነው። ዛሬውኑ ልቀይረው" አለኝ። "ማዘር" ማለቱን ልተወው። አባትህ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ "አይነካም። የሠራው ሰው መጥቶ ይቀይረዋል" አለ።

"የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ?" አልኩት።

"የለካው ሰው ማለቴ ነው" ብሎ ራሱን አረመ።

ታውቀኛለህ፣ ስህተት ሳላርም ማለፍ አልወድም። ይህኛውን ግን እንዳለ ተውኩት።

አሁን የሚሰፋው መስኮቱ ሥር ሆኖ ነው። መርፌው ውስጥ ክር የማስገባለት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ደከመ ግን አይልም። ትናንት በቀትር፣ ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ ሳለ፣ "ይሄ ሽቦ ዛሬም አላሠራኝ አለ። እስቲ መብራቱን አብሪልኝ" አለኝ። አበራሁለት። "አሁን ይሻላል" አለ።

ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ፣ በግድግዳው ሥር እየተንበረከከ ርቀቱን ለካ። ቁጥሩን የማነብለት እኔ ነበርኩ። ሲጨርስ ትንሽ ቁጭ አለና፣ "መመለሻውን ረሳነው" አለ። ኃይሉ ሄዶ ስለሚመለስ ርቀቱ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ብለህ ስታስረዳው የሰማህ አልመሰለኝም ነበር። ተነሥቶ ከዚያ ጫፍ እንደገና ለካ።

መሄጃው ዐሥራ ስምንት ሜትር ነው፤ መመለሻውም ያው ነው። ምን ያህል ውፍረት እንደሚበቃው አንተ ታውቃለህ። አባትህ "ጻፊለት" አላለኝም፤ እስክሪብቶውን ግን አጠገቤ አኖረልኝ።

ጥቅሉን በፖስታ እንዳትልከው። ፖስታ ቤቱ እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ አይቀበልም። ጠይቄ አይደለም።

መሄጃህም መመለሻህም ይቅናህ፣ ልጄ።

እናትህ