ብረቱ የወለቀ ቤዝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 2005

አልሰጥም። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ፤ አልሰጥም።

ቤዝ ጊታር ያስተማረኝ የሙላት እህት፣ እትዬ ብርቄ፣ ከአገሯ ከትክል ድንጋይ ተነሥታ ጨርቅ ሱቃችን ድረስ መጣች። ሙላት እዚህ ጎንደር ከተቀበረ ሀያ ቀኑ ነው። አባቱ አያ ፈንታ እግራቸው ስለከዳቸው ቀብሩ ላይ አልደረሱም። ስለዚህ ቅዳሜ በአገሩ ለቅሶ ይቀመጥለታል።

«አባባ ዕቃው ይውጣ ብሏል» አለች።

እነሱ ዘንድ ሰው ሲሞት ፈረሱን፣ ጠመንጃውን፣ ካባውን ለቅሶው መሀል ያወጡታል፤ ዘመድ እሱን እያየ ያለቅሳል። ሙላት ፈረስ የለው፣ ጠመንጃ የለው።

«ያው ጊታሩ ነዋ። አንተ ዘንድ አይደል?»

እኔ ዘንድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። «ያዘው» አለኝ እንጂ «ያንተ ነው» ብሎኝ አያውቅም። ለቅሶ ላይ የወጣ ዕቃ ደግሞ ዘመድ ቤት ይቀራል። ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፣ ጭስ ይጠጣል፣ አለቀ።

«እሺ እትዬ፣ አመጣዋለሁ» አልኋት። ሱቅ ያሳደገው ምላስ እንዲህ ነው፤ ለመጣው ሁሉ እሺ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ያላለቀስሁባቸው ቦታዎች፦ ሆስፒታል። ቀብር። ሠልስት። ዛሬ አብረን እንጫወትበት የነበረው የሆቴል መድረክ ላይ የሱ ወንበር ባዶውን ተቀምጦ ሳየው። ምንም የለም። ጥርስ ሊነቀል የደነዘዘ ድድ ማለት ነኝ።

ቤዙን አውጥቼ ጠረግሁት። አሮጌ የጃፓን ሥሪት ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። ቀለሙ ክንድ ባረፈበት በኩል ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉት የብረት መስመሮች የሉም። ሙላት ሀያውንም በፒንሳ ነቅሎ፣ የብረቱን ቦታ በኮላና በሰጋቱራ ደፍኖታል። አንቺሆዬ ቅኝትን ሲመታ የሚፈልጋት ድምፅ በሁለት ብረት መሀል ነበረች፤ እዚያ ደግሞ ጣት ቢጫን የሚሰማው የብረቱ ድምፅ ነው። ማሲንቆ መች ብረት አለው? እኔን ሲያስተምር «ብረት ያለው ቤዝ ደረጃ ነው፣ ይኼ ዳገት ነው፤ የት እንደምትቆም ራስህ እወቅ» ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለቦታዬ ቆሜ ሰው አስቄያለሁ።

ኪቦርድ የሚጫወተው ዳኜ መላ አገኘሁ አለ። እኔ ሌላ ቀይ የቻይና ቤዝ አለኝ፣ አዲስ፣ ብረቱ ያልተነካ። «ለነሱ ሁለቱም እንጨት ነው። ቀዩን ስጣቸው፤ እንዲያውም ያምራል።»

ሳቅሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብሁበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

የአሮጌውን ቤዝ ክር ቀቀልሁት። ክር ሲያረጅ በፈላ ውኃ ቆሻሻው ይለቃል፣ ድምፁ ይመለሳል። እማ ድስቷ ውስጥ አየችው።

«ኑረዲን! ምንድን ነው የምትቀቅለው?»

ነገርኋት። የቀዩንም ነገር ነገርኋት፣ ምን እንዳናገረኝ እንጃ። ድስቱን ከእሳት አወረደችው።

«የሙት አደራ ነው፣ ልጄ። አደራ በላ ልትባል ነው?»

«ሙላት አይሰማም፣ እማ።»

«አላህ ግን ይሰማል» ብላ ወጣች። ማፈር ነበረብኝ። አላፈርሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ቀዩን ይዤ ሄድሁ። የመኪናው ረዳት «ዕቃ ጣራ ላይ!» ሲለኝ እንኳ አልተከራከርሁም። አሮጌው ቢሆን ኖሮ እታገለው ነበር።

ድንኳኑ አጨዳው ያለቀ ማሳ ላይ ነው። አያ ፈንታ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ ናቸው። ቀዩን ከእጄ ተቀበሉ። አንገቱን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቆም አሉ። ከዚያ እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ ጣሉትና በዱላ እየተደገፉ ሰዉ መሀል ገቡ። «ልጄ! የልጄ ነው ይኼ!»

ሰዉ ተንጫጫ። አልቃሿ ተቀበለች፦

«ያገሩ ጎበዝ ሁሉ ነፍጡን ይዞ ሲያልፍ፣
የኛ ሙላት ብቻ በንጨት የሚያሰልፍ።»

ትልልቅ ሰዎች ቀዩን ቤዝ እየሳሙ አለቀሱ። ባለፈው ዓመት ከሱቅ የገዛሁትን። እኔ ቆሜ አየሁ። ደረቴ ውስጥ አንድም ነገር አልተነቃነቀም።

ከምሳ በኋላ (ሙስሊም ነው ብለው ለኔ ለብቻ እርጎ አመጡልኝ) አያ ፈንታ ጎተራው ጀርባ ጠሩኝ።

«ምነው፣ ልጄ?»

«ምኑ?»

«የሙላት አይደለም እኮ።»

«በምን አወቁ?»

«ያን ብረቱን ሲነቅል አንገቱን በጉልበቴ መሀል የያዝሁለት እኔ ነኝ። እዚሁ ደጅ ላይ። ጅል ሆነብኝ ብዬ ሳዝን ነበር።» ገብተው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አመጡ። ውስጡ አጫጭር ብረቶች፣ አሥራ ስምንት። «ሁለቱን ለማጭድ እጀታ ሽብልቅ አደረግኋቸው። ሸጋ ይዘዋል።»

«ታዲያ ሰዉ ፊት ለምን ዝም አሉኝ?»

«የልጄ ወዳጅ ነህ። በልጄ ለቅሶ ላዋርድህ?»

እሑድ፣ ኅዳር 9

ሱቅ አልከፈትሁም። እማ ምን ሆንህ አላለችኝም። እንድትጠይቀኝ ፈልጌ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

እውነተኛውን ይዤ ተመለስሁ። አያ ፈንታ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙኝና አንገቱን ዳሰሱ። ልሙጥ ነው። «አዎን። እሱ ነው» አሉ።

እስቲ አሰማኝ አሉኝ። ቤዝ ያለ ማጉያ ዲዳ ነው፤ እዚያ ደግሞ መብራት የለም። ሙላት ማጉያው ሲበላሽ የሚያደርገው ትዝ አለኝ። አገጫቸውን እንጨቱ ጫፍ ላይ እንዲያሳርፉ አደረግሁ። ድምፁ በአጥንት ይሰማል። አንቺሆዬን ቀስ ብዬ መታሁላቸው፤ እጄ ሁለቴ ሳተ። ዓይናቸውን ጨፍነው አልተነቃነቁም። ዕድሜው ሃምሳ ያለፈው ልጃቸው ምን ሲሠራ እንደኖረ የሰሙት ዛሬ ነው።

«እንዲህ ነበር የሚለው?»

«ከዚህ ይሻል ነበር።»

አገጫቸውን ከእንጨቱ አነሡ። ከዚያ «በል ይኼን ውሰድ። ቀዩ ይቅር» አሉ።

«አያ ፈንታ፣ የሙላት እኮ ይኼኛው ነው!»

«ዕውር መሰልሁህ? አገር ያለቀሰው በቀዩ ላይ ነው። እንባ የወረደበትን ዕቃ ከቤቴ አላስወጣም። ይኼ እጅ ይፈልጋል፣ እኔ ዘንድ ምን ይሠራል?» አንገቱን ዳግም ዳሰሱና «ብረት ግን እንዳትመልስበት» አሉኝ።

ስመለስ ረዳቱ «ዕቃ ጣራ ላይ!» አለኝ፣ ያው የቅዳሜው ልጅ። አይሆንም፣ የሁለት ሰው እከፍላለሁ አልሁት። አጠገቤ መስኮቱን አስይዤ አስቀመጥሁት። ሒሳብ ሲሰበስብ ደረሰና «ሁለተኛው ሰውዬ የታለ?» ብሎ ቀለደ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ለቅሶ ሆኖ ወጣ። ጮክ ብሎ፣ እንደ ሴት አልቃሽ። መኪናው ሙሉ ዞሮ አየኝ፣ አንዲት እናት «እሰይ፣ ይውጣልህ» አለችኝ። ጎንደር መግቢያ፣ ወለቃ ሸክላ ሻጮቹ ጋ ስንደርስም ገና አላባራልኝም ነበር።

ረዳቱ የአንድ ሰው ብቻ ተቀበለኝ።