በማርያም የተያዘ ቲያትር

ሞላሌ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1994 ዓ.ም.

ዝናቡ ስለማረን የክረምት የድራማ ሠልጣኞቼ ዛሬ በገበያው ሜዳ ላይ ቲያትራቸውን በነጻ አሳዩ። ታሪኩ በእርሻ ድንበር ስለተጣሉ ወንድማማቾች ነው። ታናሹን የሚጫወተው ደስታ የእንጨት ጠመንጃውን ታላቁ ላይ ሲደግን፣ ሽማግሌው አባባ ወልዴ ከተመልካቹ ተነሥተው መሀል ገቡ።

«በማርያም ይዤሃለሁ! ጣል!»

ጣለ። ከሸራው ጀርባ ሆኜ «ተኩስ እንጂ!» አልኩት።

«ጋሼ፣ በማርያም ይዘውኛል እኮ!»

የሳቀ ሰው አልነበረም። የአባባ ወልዴ ልጅ በድንበር ጠብ እንደተገደለ ሁሉም ያውቃል። «አባባ፣ ቲያትር እኮ ነው» ብዬ ተለማመጥኳቸው።

«እሱስ ገብቶኛል። ዋስ ይጥራ» አሉ።

ደስታ እኔን ጠራ። እንዳይገድል በሕዝብ ፊት ዋስ ሆንኩ። ወንድማማቾቹ ተሳሳሙ፤ ቲያትሩም ከግማሹ ላይ በሰላም አለቀ።

ነገ እንደገና እናሳያለን። ደስታ ካልገደለ ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ የለፉበት መጨረሻ ይቀራል። ከገደለ ደግሞ ልጁን ለቀበረ አባት የሰጠሁት ቃል ይፈርሳል። ጽሑፉን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ፤ አንድ መስመር አልሰረዝኩም።

ሕዝቡ ሲበተን አባባ ወልዴ ክንዴን ያዝ አድርገው «የነገው በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«በዘጠኝ ሰዓት።»

«ቀደም ብዬ እመጣለሁ። ከፊት ነው የምቀመጠው።»