በዋናው መሥሪያ ቤት ስለሚሠራው ሰርቨርና በቅርንጫፍ ስለቀረው እግር

ለተከበሩ የድርጅታችን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤና፣ ቢሮዎንም ከነማቀዝቀዣው በመልካም ሁኔታ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከወንዙ ማዶ ያለነው የቅርንጫፍ ሠራተኞች ደህና ነን፤ ሥራ ስለማያገኘን በሚገባ አርፈናል። ቀደም ሲል በውስጥ መስመር የላክኋቸው ማመልከቻዎች መንገድ ላይ ደክሟቸው የቀሩ ስለመሰለኝ፣ ይህኛው ሰው ሁሉ እያየው በአደባባይ ቢሄድ ይሻላል ብያለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ለማያውቁን አንባቢያን ሥራችንን ባጭሩ ላስረዳ። በአደጋ ወይም በሕመም እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር የሚያመርት ወርክሾፕ ኃላፊ ነኝ። ድሮ የቀረውን ጉማጅ በጀሶ ጠቅልለን ቅርጹን እንወስድ ነበር። ዛሬ በካሜራ ቀርጸን ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባዋለን፤ አንድ ሶፍትዌር ጉማጁ የሚገባበትን ማቀፊያ ይነድፋል፤ ማሽኑም ንድፉን ተከትሎ ይፈለፍላል። ያማረ ሥራ ነው፤ አልዋሽም። ነገር ግን ሶፍትዌሩ በተከፈተ ቁጥር በእርስዎ ሕንጻ የሚገኘውን የላይሰንስ ሰርቨር፣ ማለትም የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚያድለውን ኮምፒውተር፣ «ልሥራ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ እሺ ካለ እንሠራለን፤ ዝም ካለ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ቅርንጫፎች በሙሉ በዚያች አንዲት ሰርቨር ላይ ተንጠልጥለናል። ወደ ጀሶው እንዳንመለስም የጀሶ ክፍላችን በእርስዎ መልካም ፈቃድ ለባዶ ካርቶኖች ማከማቻ ሆኗል። ካርቶኖቹ በጥሩ ሁኔታ ላይ ናቸው።

አሁን በተራ ቁጥር ወደማቀርባቸው ምስጋናዎች ልለፍ።

፩ኛ. ፈቃዱን ስላከፋፈሉበት ጥበብ። የተገዛው ፈቃድ በአንድ ጊዜ ለጥቂት ሰው ብቻ እንደሚበቃ እናውቃለን። በእርስዎ ሕንጻ ያሉ የሥራ ባልደረቦች ግን ጠዋት ሶፍትዌሩን ከፍተው ወደ ስብሰባ ስለሚገቡ፣ ፈቃዱ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ተከፍቶ ይውላል። ሥራ የፈታ ፈቃድ ሲገኝ ሰርቨሩ ራሱ ወስዶ ለሚጠብቀው እንዲሰጥ ማድረግ እንደሚቻል በትሕትና ጽፌልዎ፣ «የዋናውን መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ምቾት እንዳይነካ ይጠናል» የሚል መልስ ደርሶኛል። ጥናቱ በሰላም እየገፋ እንደሆነ ተስፋ አለኝ።

፪ኛ. ስለ ስልክ መስተንግዶዎ። ሰማዩ ዝናብ ባረገዘ ቁጥር ከእናንተ ጋር የሚያገናኘን መስመር ይቋረጣል። ስደውል አንድ ትሑት ባለሙያዎ «እህቴ፣ ሰርቨሩ ደህና ነው፤ እኛ ጋ ይሠራል» ይለኛል። «እናንተ ጋ መሥራቱን መች አጣሁት ወንድሜ፤ እኛ ጋ ነው እምቢ ያለው» ስለው «እሱማ የኔትወርክ ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ ኔትወርክ ክፍል ይመራኛል፤ ኔትወርክ ክፍል ወደ መስመር አቅራቢው፣ መስመር አቅራቢው ወደ እርስዎ ባለሙያ። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ሁለት ነገር ለምኜ ነበር፤ ሰርቨሩ ሲወድቅ የሚተካው ሌላ ሰርቨር በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ እንዲቀመጥ፣ አለዚያም መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ እንድንሠራ አንድ ፈቃድ ለጥቂት ቀናት በእኛ ኮምፒውተር ላይ በውሰት እንዲቆይ። «ፈቃድ ከዋናው መሥሪያ ቤት ውጭ ማደር የለበትም» ተባልኩ። እንደ ጨዋ ልጅ አሳድጋችሁታልና ላመሰግን ይገባል።

ለቀጣዩ ተራ ቁጥር አልሰጥም፤ ሰው ነውና።

በእኛ ከተማ ብዙ ራስ በእጃቸው ያለፈ አንድ ፀጉር አስተካካይ አሉ። ሰው ሁሉ ጋሽ መቀስ ይላቸዋል። የጭነት መኪና ገጭቷቸው ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ቁስሉ ሲድን በሚስታቸው ትከሻ ተደግፈው ወርክሾፓችን መጡ። ምን ዓይነት እግር እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሩጫ አላማረኝም፤ ከወንበሩ ጀርባ ልቁም እንጂ ሌላው ትርፍ ነው» አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ቀረጽኳቸውና ንድፉን ልጀምር ስል መስመሩ ሄደ።

የወርክሾፓችን የአካል እንቅስቃሴ ሐኪም እኔ ፊት አስጠንቅቃቸዋለች። «ጋሼ፣ ጉልበትዎን ዘርግተው ይዋሉ፤ ታጥፎ ከደረቀ እግሩ ቢመጣም አይሆንዎትም» ስትላቸው እሺ ብለው ነበር። ነገር ግን የሱቃቸው ባለቤት ቦታውን ለሌላ አከራየባቸው። እጃቸው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ስለሆኑ ዕቃቸውን ወደ ቤት አስጭነው፣ ዱካ በምንላት አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ሰው መከርከም ያዙ። ቀኑን ሙሉ ጉልበታቸው እንደታጠፈ ይውላል። ሚስታቸው «ተው ዘርጋው ስለው፣ ዘርግቼ ምን ላደርገው ነው ይለኛል» ብለው ነግረውኛል።

ጠዋት ጠዋት ይደውሉልኝ ነበር። «መስመሩ መጣ እንዴ?» ይላሉ፤ አልመጣም ስላቸው ደግሞ እኔን ያጽናኑኛል። አንድ ቀን መስመሩ መጣ። ሮጬ ሶፍትዌሩን ስከፍት ፈቃዶቹ ሁሉ በእናንተ ሰዎች ተይዘዋል። ደውዬ አንድ ሰው ብቻ እንዲዘጋልኝ ለመንኩ። «የከፈተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ተቆልፏል» ተባልኩ። ስብሰባው አብቅቶ ፈቃዱ ሲለቀቅ ዝናቡ ደግሞ መስመሩን ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ጋሽ መቀስ መደወል ተዉ። ለምን እንደሆነ ባለቤታቸውን ብጠይቃቸው፣ ልጅቷን አጉል አስጨነቅናት ብለው እንደሆነ ነገሩኝ።

ክረምቱ ሲወጣ መሥራት ቻልን። ጉማጃቸው እስከዚያ ቀጥኖ ስለነበር የመጀመሪያው ልኬት ከጥቅም ውጭ ሆኗል፤ እንደገና ቀርጬ፣ በሕይወቴ ካበጀኋቸው ሁሉ የተሻለውን እግር ሠራሁ። ሊሞክሩት የመጡ ዕለት ባለቤታቸው በቦርሳቸው የግራ ጫማቸውን ይዘው ነበር፤ ከአደጋው ወዲህ ያልተነካውን ጫማ ከቀኙ ጋር እኩል እስኪያበራ ወልውለውታል። እግሩን ከነጫማው አጠለቅንላቸውና በብረት መደገፊያዎቹ መካከል አቆምናቸው። ጉልበታቸው አልዘረጋ አለ። ሐኪሟ በእጇ ያዘችው፤ ጋሽ መቀስ ግንባራቸውን አላባቸው፤ ጥርሳቸውን ነከሱ። የጫማው ጫፍ ብቻ ወለሉን ነካ፤ ተረከዙ አየር ላይ ቀረ።

ከፊታቸው ባለው መስተዋት ውስጥ ራሳቸውን እንደ ደንበኛ አገላብጠው ካዩ በኋላ «ሥራሽ ቆንጆ ነው፤ ጥፋቱ የጉልበቴ ነው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ጥፋቱ የእኔ ነው ያለ ሰው እስካሁን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ባለቤታቸው «እንግዲያው ለሌላ ይሁን፤ ቁመቱ እሱን የሚያህል ሰው አይጠፋም» አሉ። ማቀፊያው ለተሠራለት ሰው እንጂ ለሌላ እንደማይሆን ማስረዳት የእኔ ፈንታ ሆነ። ባለቤታቸው ጫማውን ከእግሩ አውልቀው ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ሐኪሞቹ በብዙ እሽትና ሕክምና ጉልበቱ ይላቀቅ ይሆናል ይላሉ። ጋሽ መቀስ «ይሆናል» የምትለዋን ቃል ሰምተው በትሕትና አመስግነው ሄዱ። እግሩ ወርክሾፓችን ጥግ ላይ ቆሟል፤ ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

፫ኛ. ስለ አፋጣኝ ምላሽዎ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ከጻፍኩልዎ በኋላ ሁለተኛ ሰርቨር መገዛቱን በደስታ ሰማሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉ ባልደረቦቼንም ገሠጽኩ። ኋላ እንደተረዳሁት ግን አዲሱ ሰርቨር ብቻውን ሌላ ከተማ እንዳይከፋው ከታላቁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከአንድ ሶኬት መብራት ይጋራል። ባለፈው ሰሞን የሕንጻችሁ መብራት ሲጠፋ ተያይዘው ጠፉ። እንዲህ ያለ ፍቅር ለሰውም አልተሰጠ።

ምስጋናዬን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ጊዜ ያለ ቀልድ ልናገር። ያን ሁለተኛ ሰርቨር ከሕንጻዎ አውጥተው የራሱ መብራትና የራሱ መስመር ወዳለው ቅርንጫፍ ይላኩት። ስብሰባ የገባ ሰው ፈቃዱን ለሚሠራ ሰው ይልቀቅ። አንድ ፈቃድም እኛ ዘንድ ይደር፤ በደህና እናሳድረዋለን። ዛሬ ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት በክራንች መጥታለች፤ ቀርጫታለሁ። ሰማዩ ጠቁሯል።

ትዕግሥትዎ እንደ ሰርቨርዎ ሳይቋረጥ እስከዚህ ካነበቡልኝ፣ ለእርስዎ ለክቡርነትዎ፣ ለባለሙያዎችዎና ለተከበሩት ካርቶኖች ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

አክባሪዎ፣ የማዶው ቅርንጫፍ ወርክሾፕ ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ ጋሽ መቀስ ይህን እንደምጽፍልዎ ሲሰሙ «ሰውየውን አታስቀይሚው፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን አይቶን ስለማያውቅ ነው። ብቅ ቢል ፀጉሩን አሳምሬ እቆርጥለታለሁ» ብለዋል። ግብዣቸውን ሳላጎድል አድርሻለሁ። ሲመጡ ግን ሙሉ ልብስዎን ባይለብሱ ይመረጣል፤ የጋሽ መቀስ እጅ ከዱካው ሆኖ የሚደርሰው መሬት ላይ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።