ወሬው ይቅደም ወይስ አልጋው

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ቀን 6፡40
ምሳ ሰዓት። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ የችግኝ ስም ስጽፍ ነበር፤ ኮሶ፣ ወይራ፣ ዝግባ። ጣቴ ዝሏል።

ደወልኩ፣ ማስታወሻዬ። አዲሱ ገበያ ወዳለው የምክር ቢሮ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ለባልና ሚስት ምክር ነው ወይስ ለወሲብ ሕክምና ብላ ጠየቀችኝ። ባለሙያዎቹ ለየብቻ ናቸው። ዙሪያዬን አየሁ፤ ከችግኝ በቀር ማንም የለም። አስቤ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ከተቀራረብን ስምንት ወር ሆነን። ትንሿን ከወለድኩ ወዲህ ያመኛል። ሐኪሟ ቁስሉ ድኗል ብላለች፤ ሰውነቴ ግን የባሌ የዳንኤል እጅ ሲቀርብ ይደርቃል። እሱን ደከመኝ ነው የምለው። አሁን መጠየቁንም ትቷል።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት
ዛሬም ከዳ. ጋር ቤ/ክ ለእጮኛሞች አስተማርን። ርዕሱ ግልጽነት። እኔ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እላለሁ፣ ዳ. ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። አፍ ብቻ።

ስንመለስ ምክር እንሂድ አልኩት። የምን ምክር? አለኝ። ስለ ንግግራችን አልኩ፤ ፈሪ ነኝ። ሳቀ። ለሰው የምናስተምረውን ልንማር ነው ወይ አለ። ሳቁ አናደደኝ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ
ቤ/ክ የጸሎት ጥያቄ ሣጥን ውስጥ ወረቀት ከተትኩ። ስም የለውም። አንዲት እህት ባሏ ሲነካት ያማታል፣ እንዳይርቃት ፈርታ ደብቃዋለች፣ ጸልዩላት። ቀለል አለኝ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ፣ ጠዋት
በቁርስ ላይ ዳ. እንደ ዋዛ ነገረኝ። ወረቀቶቹን የሚያነበው ተረኛ ታሟል። ነገ ሣጥኑን ከፍቶ ለጸሎት ቡድኑ የሚያነበው እሱ ነው።

ሰባት ዓመት የገበያ ዝርዝሬን ሲያነብ የኖረ ሰው የእጅ ጽሕፈቴን ያጣዋል? ቁልፉ ኪሱ ነው።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ፣ ምሽት 12፡15
ገባ። ልጆቹን አጠበ፣ ጡጦ ቀቀለ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ምነው ቢጮህብኝ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ፣ ቀን 6፡30
ሥራ ቦታ መጣ። መጥቶ አያውቅም። ወረቀቴን ከኪሱ አወጣ፤ ለቡድኑ አላነበበውም። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያመኝ ጠየቀኝ። ከወለድኩ በኋላ ከመጀመሪያው ቀን አልኩ። የችግኝ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። “እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር” አለኝ። እኔም አለቀስኩ፣ በሥራ ልብሴ።

የቅዳሜውን ትምህርት ለጊዜው ለሌሎች እንተዋለን። ዳ. የባልና ሚስት ምክር ይቅደም ይላል። እኔ እምቢ አልኩ። ወሬውን ዛሬ ጀምረነዋል፤ ሕመሙ ግን እዚያው ነው። ስልኬን አቀበለኝ።

ያችው ልጅ አነሳች። ለወሲብ ሕክምና አልኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ብቻዎን ነው የሚመጡት? አለችኝ። ዳ.ን አየሁት። ለሁለት ሰው ያዢልን አልኳት።