የኤሮል ኬክ

ሜሪቦሮ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1943

ዛሬ ጠዋት ስድስት ኬክ ጋገርኩ፤ ሁሉም በክፍለ ጦራችሁ ላሉ የሰፈራችን ልጆች ነው። ልጄ ሊንድሴ፣ ከጥይቱም ከወባውም እግዚአብሔር ይሰውርህ። ላንተ አልጋገርኩም፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

ፖስተኛው ፔግ ኬክ ያሸግሁባቸውን ቆርቆሮዎች ሲቀበል ሁልጊዜ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ከባድ ኬክሽን ጃፓኖቹ ላይ ብትጥይው ጦርነቱ ዛሬ ያልቃል!» እያለ ይቀልድብኛል። ዛሬ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ሱቄ ገባ። ለወንድምህ ለኤሮል በኖቬምበር ወደ ኒው ጊኒ ጦር ግንባር የላክሁለትን ኬክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። የሰፋሁበት አቡጀዲ እንኳ አልተፈታም፤ ስሙ ላይ «ሞቷል» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ኢና፣ ጓዳ ላስገባልሽ?» አለኝ።

«ተወው፤ ከባድ አይደለም» አልኩት።

ቄሱ የሞቱን ቴሌግራም ይዘው የመጡ ለት እንኳ ሱቄን አልዘጋሁም ነበር። ዛሬ ዘጋሁ።

ከፍቼ አየሁት፤ ሩም አረቄ ስላጠጣሁት ምንም አልሆነም። ኤሮልን ከቀበሩት ጓደኞቹ ጋር ተካፍላችሁ ብሉት። ቆርቆሮውን ግን በፖስታ አትመልስልኝ፤ አደራህን፣ ራስህ ይዘህልኝ ና።

የወንድምህ አምላክ አንተን ይተውልኝ። ነገ ጠዋት በአዲስ አቡጀዲ ሰፍቼ፣ ስምህን ጽፌበት ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

እናትህ