መጠባበቂያው ውስጥ ተኝቶ የቀረው

ውድ ልጄ ቶሩን፣

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ የሴቶች መጠለያዋ ሴትዮ ናት። ፖስታው ላይ ስምሽን እንኳ እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች። እጄ ብዕር ከያዘ ዘመን ስለሆነው ጽሑፌ የዶሮ ጭረት መስሏል፤ እንደምንም አንብቢው። ያን ማክሰኞ የልጅሽን የሲቭን ካፖርት እንኳ ሳትቆልፊላት «ከከተማው ውጪ» የተባልሽው ከእኔ ቤት በወጣ ነገር ነው። ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግሁም።

ባልሽን ይንግቬን ጥለሽ ከወጣሽ ጀምሮ ሰውዬው የምትሄጂበትን ሁሉ ቀድሞሽ ያውቅ ነበር። ሲቭን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስትወስጃት በር ላይ ቆሞ ጠበቃችሁ። አዲስ ሥራ በገባሽ ሳምንት ጠረጴዛሽ ላይ አበባ አስቀመጠልሽ። ስልክሽን ቀየርሽ፤ የቦርሳሽን ገበር ሳይቀር ተርትረሽ ፈተሽሽ። ጠበቃሽ ግን «ክርስቲያንሱንድ እኮ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ከሰው ይገናኛል» አለችሽ። የዚያን ዕለት ደውለሽልኝ «አባዬ፣ እያበድኩ ይሆን እንዴ?» አልሽኝ። እኔም «አላበድሽም» አልኩሽ፤ ግን በእጄ የማሳይሽ ማስረጃ አልነበረኝም።

ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ሄድሽ። የከተማዋን ስም ለእኔም አልነገርሽኝም። በኢሜል ብቻ «ደህና ነን፤ ሲቭ ጉንፋኗ ለቀቃት» ትዪኛለሽ፤ እኔም ስለ ባሕሩና ስለ አየሩ እጽፍልሻለሁ። ለእኔ ቤቴ ያለችው ኮምፒውተር አንቺን ማያ መስኮቴ ነበረች።

አንድ ቀን ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለባት። መጀመሪያ ማስታወቂያ መስሎኝ ተውኩት። እየደጋገመ ሲመጣብኝ አቅፌያት ወደቡ አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግነው ጉንቮር ዘንድ ሄድኩ፤ ከአንቺ ጋር የተማረችው ባለ ቀይ ፀጉሯ። ከፍታ ስታያት ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ ኦድቫር፣ ይቺን ከእርስዎ ሌላ ማን ይነካታል?»

«ማን ይነካታል፤ እኔና አቧራው ነን እንጂ።»

አልሳቀችም። «ሰላይ ተቀምጦባታል። እርስዎ የሚጽፉትንም፣ ለእርስዎ የሚጻፈውንም እየገለበጠ ለሌላ ሰው የሚልክ ፕሮግራም ነው።»

ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና እኔ እያየኋት ፕሮግራሙን አጠፋችው። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላዬ እዞር ነበር። ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን እዞር ነበር። ለአንቺ ልንገርሽ አልኩና መልሼ ተውኩት። ጠፍቷል ተብያለሁ፤ ያለሽበት ጭንቀት ይበቃሻል አልኩ።

እሑድ ዕለት ማተሚያው እምቢ አለኝ። ድሮ ይንግቬ ያስተማረኝ ነገር ነበር፤ «አባባ፣ ኮምፒውተሩ ሲያስቸግርህ አትጨነቅ። ይቺን ብቻ ተጫን፤ ደህና ወደነበረበት ቀን ይመልስልሃል።» ከጎኑ የተሰካችውንም ዲስክ ለገና የሰጠኝ እሱ ነው። «ኮምፒውተርህ ቢበላሽ እንኳ ሁሉም ነገር እዚህች ውስጥ ቅጂ አለው» ብሎኝ ነበር። ተጫንኩት። ማተሚያው ሠራ። ደስ ብሎኝ የሲቭን ፎቶ አትሜ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩ።

ሰኞ አንቺ ጻፍሽልኝ። «አባዬ፣ ናፍቀኸናል። ለፋሲካ ና» ብለሽ የከተማዋን ስም፣ የሲቭን አዲስ መዋዕለ ሕፃናት፣ የአውቶቡሱን ቁጥር ሳይቀር ነገርሽኝ። ሻንጣዬን ከቆጥ አውርጄ በሩ አጠገብ አቆምኩት። ገና ሳምንታት ይቀሩ ነበር እኮ!

ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ቀዩ ማስጠንቀቂያ ተመልሶ መጥቷል።

እንዴት ጉንቮር ዘንድ እንደደረስኩ አላስታውስም። ኮምፒውተሩንም ዲስኩንም ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩላት። ብዙ ቆየች፤ ከንፈሯን እየነከሰች። በመጨረሻ «አገኘሁት» አለች። «ከኮምፒውተሩ አስወጥተነው ነበር፤ መጠባበቂያው ውስጥ ግን ተኝቶ ቀርቷል። ይቺ ዲስክ በየሳምንቱ የኮምፒውተሩን ሁለመና ትገለብጣለች፤ ሰላዩንም አብራ ገልብጣዋለች። እርስዎ ወደ ኋላ ሲመልሱት እሱንም ጎትተው አመጡት።»

«ታዲያ ቅጂውን ሁሉ አጥፊልኝ! አሁኑኑ!»

እጇን ዘረጋች፤ ግን አልነካችውም። ከአዲሱ ጀምራ ወደ አሮጌው ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ትከፍት ጀመር። አንዱ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ የቶሩን እናት የተቀበሩት መቼ ነበር?»

ነገርኳት።

«ከዚያ በፊት ያሉት ቅጂዎች ንጹሕ ናቸው። ሰላዩ የሚታየው ከቀብሩ ሳምንት ጀምሮ ነው። ያን ሰሞን እዚች ላይ ማን ተቀምጦ ነበር?»

ልጄ ሆይ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔና አንቺ ሶፋው ላይ ተቃቅፈን ስናለቅስ «እናንተ እረፉ፤ የእማማን ፎቶ ለቀብሩ እኔ አዘጋጃለሁ» ብሎ ቀኑን ሙሉ እዚያ የተቀመጠው ማን ነበር? እንዲያውም እናትሽ እንደምታዘጋጀው ቅቤና ቡናማ አይብ የተቀባ ዳቦ አጠገቡ አስቀምጬለት ነበር። ያኔ ገና አንቺና ይንግቬ አብራችሁ ትኖሩ ነበር። ትዳርሽ እንደከበደሽ ለእኔ የጻፍሽውን ሁሉ ሲያነብ ኖሯል። የማጥፊያውን ቁልፍ ብንጫነው ኖሮ ይህም ማስረጃ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ከዚያ ነው የሰኞው ደብዳቤሽ ትዝ ያለኝ። የከተማዋ ስም። የመዋዕለ ሕፃናቱ ስም።

ስልኬን ላወጣ ስል ጉንቮር እጄን ያዘችኝ፤ «በእርስዎ ስልክ አይሆንም፤ ተጠልፎ ይሆናል፤ በሱቁ ስልክ!» ለመጠለያዋ ሴትዮ ደወልን። «ልጄን አሁን አውጡልኝ» ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝም፤ ቀሪውን ጉንቮር ጨረሰችልኝ። ሴትዮዋ መልሳ ደውላ «መኪና ውስጥ ናቸው» እስክትለን ድረስ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ደንበኛ ገብቶ ቻርጀር ሲገዛ፣ ስለ ዋጋው ሲከራከር ልጮህበት ምንም አልቀረኝም።

ጉንቮር ዲስኩን ራሷ ለፖሊስ ወሰደችው። መርማሪዋ «ነገ መጥቼ ቃልዎን እቀበላለሁ፤ እስከዚያ ለማንም ምንም አይናገሩ» አለችኝ። ግን በማግስቱ ቀድሟት የመጣው ይንግቬ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ፈገግ ብሎ፣ ጫማውን በሥርዓት በሩ ላይ አውልቆ ገባ።

«አባባ፣ ሰላም ነው? ኮምፒውተርህ ሥራ አቆመ እንዴ?»

«ማን ነገረህ?»

«እንዲያው መሰለኝ። አምጣው እስቲ ልየው። አሮጌዎቹ ቅጂዎች ቦታ ይዘውብህ ይሆናል፤ ላጽዳልህ። ዲስኳ የት አለች?»

የያዝኩት ኩባያ ሳህኑ ላይ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት። «ከእጄ ወድቃ ተሰበረች» አልኩ። «ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት።»

ትከሻው ወረደ። ያን እፎይታ ብታዪው! ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። «አይ አንተ፣ እጅህ እኮ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ አርጅተሃል» ብሎ ቀለደብኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዳቦዬን ቆርሶ እየበላ ዘና ብሎ ጠየቀኝ፤ «ትንሿ ልጅስ? አዲሱን መዋዕለ ሕፃናት ወደደችው?»

አንቺ ያን ነገር ለእኔ ብቻ ነው የጻፍሽው፤ እኔም ከጉንቮርና ከመጠለያዋ ሴትዮ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። እሱም ካፉ እንዳመለጠው ገባው መሰል ማኘኩን አቆመ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«የትኛውን መዋዕለ ሕፃናት?» አልኩት።

«እንዲያው... ልጅ አይደለች? አንዱ ጋ ትውላለች ብዬ ነዋ።»

ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ በሩ አጠገብ ያቆምኩትን ሻንጣ ረጅም ጊዜ አየው። «መንገድ አለህ?» አለኝ። «ነበረኝ፤ ቀርቷል» አልኩት። ጫማውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ወንበሩን በሩ ላይ አስደግፌ መርማሪዋ እስክትመጣ ጠበቅሁ። የተናገረውን ቃል በቃል ነገርኳት።

የይንግቬን ኮምፒውተር ፖሊስ ቤቱ ገብቶ ወሰደበት። የአንቺና የእኔ ደብዳቤዎች በሙሉ እሱ ዘንድ ተቀምጠው ተገኙ አሉኝ። ወደ አንቺም ወደ እኔም እንዳይቀርብ ታግዷል። ችሎቱ ለመኸር ተቀጥሯል። ጠበቃሽም ደውላ «ቶሩን እውነቷን ነበር» አለችኝ። ይህን እንድነግርሽ ለምናኛለች፤ እኔ ግን ራሷ ትንገርሽ ብያታለሁ።

ተረጋግቻለሁ ብዬ አልዋሽሽም። መኪና በደጄ ቀስ ሲል መጋረጃውን እገልጣለሁ። ጉንቮር አዲስ ስልክ ሰጥታኛለች፤ እፈራዋለሁ፤ ሲጠራ ሁለቴ እያሰብኩ ነው የማነሳው። ሌሎች ቅጂዎች የሆነ ቦታ ተኝተው ይሆን እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ጉንቮር «የሉም፣ አባባ፤ ሦስቴ ፈትሻለሁ» ትለኛለች። አራተኛ እንድትፈትሽ እለምናታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በመጠለያዋ ሴትዮ በኩል ስትመልሺልኝ ሲቭ ስንት ጥርስ እንደነቀለች፣ ምን እንደምትዘፍን፣ አንቺ እንቅልፍ ይወስድሽ እንደሆነ ጻፊልኝ። የከተማዋን ስም ግን አትጻፊ። ባሕር ይታያል ወይ፣ ተራራ አለው ወይ፣ እሱንም ተዪው። ብጠይቅሽ እንኳ፣ ብለምንሽም እንኳ አትንገሪኝ። ሰው መጥቶ «ልጅህ የት ናት?» ሲለኝ ዓይኑን እያየሁ «አላውቅም» ማለት እፈልጋለሁ፤ እውነትም የማላውቅ ሆኜ።

አባትሽ፣
ኦድቫር